የሙሽራዋ መግቢያ ዜማ

ኦፔራ የሚባለውን ዘፈን ታውቂያለሽ ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር፣ አንድ ብቻ አውቃለሁ፣ እሱኑ ግን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ እላለሁ። ቋንቋው አይገባኝም። ዘፋኟ ማን እንደሆነች፣ በየት አገር ቆማ እንደተቀረጸች አላውቅም። የት ላይ ቀስ እንደምትል፣ የት ላይ ድምጿን ወደ ላይ ሰድዳ እንደምታቆየው፣ የት ላይ ሰዎቹ ከኋላ ተቀብለው እንደሚያግዟት ግን ጠይቁኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ፣ በገዛ ግቢዬ፣ ያ ዘፈን ለግማሽ ቀን ወንድሜን ገድሎብኝ ነበር።

ሥራዬ ሹሩባ ነው፤ በተለይ የሙሽራ። ከጅጋም፣ ከቡሬም፣ ከገጠሩም ይመጡልኛል። ምላሷ ይናደፋል ይሉኛል፤ እጄ ግን አያሳምምም፣ ስለዚህ ምላሴን ይችሉታል። ሰርቪስ ቤቷን የተከራየኝ ልጅ ደግሞ የሰርግ ዲጄ ነው። የዱርቤቴ ልጅ ነው፤ ሲናገር አጠገቡ ካልቆሙ አይሰማም፣ እንጀራው ግን ድምፅ ነው። ግቢዬ ውስጥ ቁም ሣጥን የሚያካክሉ ሞንታርቦዎች ቆመው ሲያዩ እንግዶች ሁሉ ዞር ብለው እኔን ያያሉ።

ላፕቶፑ ላይ አንድ ፕሮግራም አለው። ዘፈን ሲሰጡት ሦስት ነገር ይመልሳል፤ ፍጥነቱን፣ ኪዩን እና ሙዱን። ፍጥነቱ ያው ፍጥነት ነው። ኪይ የሚሉት ዜማው ከየትኛው ድምፅ ተነሥቶ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ነው። ሙድ ደግሞ ዘፈኑ ተደስቷል፣ አዝኗል፣ ወይስ ተቆጥቷል የሚለው ነው። ልጁ በእነዚህ እየለየ ነው ዘፈኖቹን የሚደረድረው፤ ምሳ ሲበላ የሚከፈተውን ለብቻ፣ ዘመድ ሲጨፍር የሚከፈተውን ለብቻ። አንዱ ዘፈን ከሌላው ጋር ሳይጣላ እንዲያያዝ ኪያቸው መስማማት አለበት ብሎ ሲያስረዳኝ፣ ባልና ሚስቱንም እንዲህ መርምሮ የሚያጋባ ፕሮግራም ቢያመጣልን ምን ነበረበት አልኩት።

ፍጥነቱን አምኜለታለሁ፣ ምክንያቱም ጣቶቼ ያውቁታል። ዘፈኑ ሲፈጥን እጄ ይፈጥናል፣ ጉንጉኑም ይጠብቃል። ዘፈኑ ሲንቀረፈፍ ሹሩባውም ይላላል፤ ላልቶ ሰርጉ ሳያልፍ ይፈታል። ሙሽራ ይዤ ተቀምጬ ቀዝቃዛ ዘፈን እንዳትከፍትብኝ ብዬ አስጠንቅቄዋለሁ። ሙዱን ግን አላመንኩለትም። እህል ሲያበራዩ የሚዘፈነውን በስልኬ ቀርጬ ሰጥቼው ፕሮግራሙ ቁጣ ነው አለ። እሹሩሩ ብሰጠው ሐዘን ነው አለ። ይህ ነገርህ የሰው ቤት ገብቶ አያውቅም አልኩት፤ ልጁም አልተከራከረኝም።

በዚያ ሳምንት ግን ለዘፈን የሚሆን ልብ አልነበረኝም። ታናሽ ወንድሜ በገበዝ ማርያም በኩል ገበሬ ነው፤ ከእናታችን ጋር ይኖራል። እርሻ ላይ እንዳለ ሆዱን ያዘው። ሆዱ ተነፍቶ፣ የበላው አልወርድ ብሎት፣ በሰው ሸክም መኪና መንገድ ድረስ አመጡት። የመጀመሪያዎቹ ሐኪሞች አንጀቱ ተጠማዟል፣ ቶሎ መከፈት አለበት ብለው ወደ ባሕር ዳር ላኩት። አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚገባ ስለተባለ አጎታችን አብረውት ሄዱ፤ እናቴ እኔ ዘንድ ቀረች። ሐሙስ ከሰዓት አጎታችን ደወሉ። አሁን ሊያስገቡት ነው፣ ጸልዩ አሉ። ከዚያ በኋላ ስልክ የለም። በዚያ ሰሞን ኔትወርክ እንደ ልቡ ነበር፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል። ወንድሜ ተከፍቶ ይሁን አልተከፈተ፣ ነቅቶ ይሁን አልነቃ የሚያውቅ ሰው ፍኖተ ሰላም ውስጥ አልነበረም።

ሰፈሩ ሁሉ ጭንቀታችንን ያውቅ ነበር። ጎረቤት እየመጣ እግዜር ይማረው እያለ ይወጣል። እናቴ አሜን ትላለች፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ትቀመጣለች። እኔ ስልኬን እያነሣሁ ማስቀመጥ ሥራዬ ሆነ። ዓርብ ጠዋት ቀጠሮ የያዘች ሙሽራ ከቡሬ ስትመጣ ልመልሳት ነበር፤ እናቴ ናት ሥሪያት ያለችኝ። የሰው ልጅ ሰርግ ነው፣ የእኛ ነገር እሷን ምን አገባት አለች። እጄም ሥራ ሲያገኝ ትንሽ ተነፈስኩ።

ሙሽራዋ የምትታይ ልጅ ናት፤ የምታወራም ናት። እጮኛዋ አዲስ አበባ ነው የሚሠራው። አዳራሽ ስትገባ የሚከፈተውን ዜማ እሱ መርጦ ለዲጄው በፍላሽ ልኮ ነበር። እስክስታ አይደለም፣ የሙሽራ ዘፈንም አይደለም፤ ኦፔራ ነው። ልጁ ከአንድ ቀን በፊት ላፕቶፑን ይዞ መጥቶ አሳይቶኝ ነበር። ፍጥነቱ ዝግ ያለ፣ ኪዩ የሚያሳዝነው ዓይነት፣ ሙዱ ግን ደስታ ይላል። እሱም ራሱ ግራ ገብቶት ነበር። ዘፈኑን ላሰማሽ ሲለኝ ሌላ ጊዜ አልኩት። ሙሽራዋም አልሰማችውም ነበር፤ ሰርጉ እሑድ ስለሆነ፣ በዚያው ዓርብ ሹሩባዋን ስትጨርስ በሞንታርቦው ሊያሰማት ተቀጣጥረዋል።

ግማሽ ራሷን እንደሠራሁ ሰው ሠራሽ ፀጉሩ አለቀብኝ። ለሌላ ሰው ልኬ ቀለሙ ከሚሳሳትብኝ ራሴ ልሂድ ብዬ፣ ሙሽራዋን አንድ በኩል ተሠርታ አንድ በኩል ፀጉሯ እንደተበተነ ወንበር ላይ ትቻት ወጣሁ። እናቴ ጓዳ ነበረች። ገበያው ውስጥ የምፈልገውን ቀለም ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ ስዞር የእድር ጡሩምባ ሰማሁ። ሩቅ ስለነበር የማን ቤት እንደሚል አልለየሁትም። ነፍስ ይማር አልኩና ዋጋ መከራከሬን ቀጠልኩ።

ወደ ሰፈር ስታጠፍ ከሁሉ በፊት ያየሁት ጋሪ ነው። ጋሪው ላይ የእድሩ ድንኳን ብረትና ሸራ ተጭኗል፣ የቆመውም የእኔ በር ላይ ነው። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይገባሉ። እናቴ ናት አልኩ፤ ጭንቀቱ ልቧን አቁሞት ነው አልኩ። ሮጬ በሩ ጋ ስደርስ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ክንዴን ያዙኝ። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፤ ሐዘንተኛ ራሱን እንዳይጥል ነው የሚያዘው። ሳይነግሩኝ ያዙኝ። በትከሻቸው መካከል ሳይ እናቴ መደቡ ላይ በሕይወት ተቀምጣለች። ያን ጊዜ ወንድሜ መሆኑን አወቅሁ።

መጀመሪያ የመጣብኝ ለቅሶ አልነበረም፤ ንዴት ነው። እኔ ቀለም ሳማርጥ ሰፈሩ እንዴት ከእኔ በፊት ይሰማል? ያዘልኩት፣ ሲወለድ ስሙን ያወጣሁለት ልጅ ነው። ያ ጡሩምባ የእሱ ነበረና ነፍስ ይማር ብዬ አልፌዋለሁ። ጎረምሶቹ ባይይዙኝ ወድቄ ነበር። ግቢው በሙሉ ዋይ ዋይ እያለ ነው፤ ወንድሜን በስሙ እየጠሩ፣ ጉብዝናውን እየቆጠሩ ያለቅሱታል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ደረቅ ዓይን የነበራት እናቴ ብቻ ናት።

እናቴን ሰዎቹ ፈርተዋት ነበር። የማታለቅስ እናት ያስፈራል። አንዷ ጠጋ ብላ፣ እሜት ያውጡት፣ ውስጥዎ አይቅር ብላ ለመነቻት። እናቴ እጇን ብድግ አደረገች፤ ግቢው ቀስ በቀስ ዝም አለ።

«ነጋሪው ይቅረበኝ» አለች። «ልጄን ሞቶ ያየ፣ ካየ ሰው የሰማ ይቅረበኝ። ሳልረዳ አላለቅስም።»

እኛ አገር መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ የነፍስ አባት ይጠራል፣ ገና ሳይነጋ ተኪዶ ሐዘንተኛው ተቀምጦ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ ትንሽ አሞታል፣ ይሻለዋል እየተባለ ይቆያል። ስለዚህ እናቴ የጠየቀችው ደንቡን ነው። ሰዉ ሁሉ ወደ ነፍስ አባታችን ዞረ፤ እሳቸውም መቋሚያቸውን ተደግፈው ሰዉን አዩ። እኔን የጠራኝ ጡሩምባው ነው አሉ። ጡሩምባ ነፊው የእድሩ ዳኛ አዘውኝ ነው አለ። የእድሩ ዳኛ፣ ሰፈሩ ሲያለቅስ ሰምቼ ነው ያዘዝኩት አሉ። ሰፈሩ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሰምቶ ነው የመጣው። ለቅሶ ቤት ደርሶ ማን ሞተ፣ ማን ነገራችሁ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው፤ እያለቀሱ መግባት ነው። በሽተኛው ደግሞ የታወቀ ነው። እንዲህ እየተባለ ሲመረመር ነገሩ ከአጥራችን ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ላይ ደርሶ ቆመ።

ጎረቤቴ ደንግጣ ነበር፤ የሰማችውን ግን አልካደችም። አልቃሽ ሰማሁ አለች። ሴትየዋ ብቻዋን ከታች ጀመረች፣ እያደር ከፍ አደረገችው፣ ድምጿ ተንቀጠቀጠና ወረደ፣ ከዚያ ሕዝቡ ተቀበላት አለች። ድንጋይ ላይ ወጥታ በአጥሩ ስታይ ደግሞ አንዲት ልጅ ፀጉሯን በትና ደጁ ላይ ታለቅሳለች። ለወንድሟ ፀጉሯን የፈታች እህት መሰለቻት። የቀረውን ማሰብ አላስፈለጋትም፤ እዚያው ድንጋዩ ላይ እንዳለች ዋይ አለች።

ፀጉሯ የተበተነው ልጅ ተፈለገች። ሙሽራዬ ከሴቶቹ መካከል ነጠላ ተከናንባ፣ ዓይኗ አብጦ ተገኘች። እኔ ስቆይባት ዲጄው ዜማውን እንዲከፍትላት ለምናው ነበር። ሲከፍተው እሑድ ታያት፤ ከእናቷ ቤት መውጣቷ ታያትና እንባዋ መጣ። እሷ ገና እያለቀሰች ሳለ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ገባ። ማን እንደሞተ አላውቅም፣ ሰው ሲያለቅስ ዝም ማለት ነውር መስሎኝ ነው አለች።

ዲጄውስ? እሱም ከድንኳን ተካዮቹ ጋር ካስማ ይዞ ቆሟል። ጎረቤቴ ዋይ ስትል መርዶ መጣ ብሎ ሙዚቃውን ወዲያው አጥፍቶታል። ለቅሶ ሲሰማ ዘፈን ይጠፋል፤ ያሳደጉት እንዲያ ነው። ሞንታርቦውን ገፍቶ ቤቱ አስገባ፣ ላፕቶፑን ዘጋ፣ ኮቱን ለብሶ ወጣ። የወንድሜ ነገር ከሙዚቃው ጋር ይገናኛል ብሎ በልቡ አልመጣበትም። አሁን ግን ሲገባው ካስማውን መሬት አስቀመጠ።

እናቴ ክፈተው አለችው። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንዴት ተደርጎ ብሎ ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። ለቅሶ ይሁን አይሁን በእሱ እንለየው አሉት የእድሩ ዳኛ። ሞንታርቦው እንደገና ወጣ፤ ዘፈኑን እኔም ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት።

መሣሪያዎቹ ከታች ጀመሩ፤ ሰው ትንፋሹን እንደሚሰበስብ ዝግ ብለው። ሴትየዋ ገባች። ጎረቤቴ አልዋሸችም። አገራችን ውስጥ ስሟ የታወቀ አልቃሽ ከዚህ የተለየ አትጀምርም፤ ከደረቷ አንሥታ፣ እያንዳንዱን ደረጃ እየረገጠች፣ ላይ ስትደርስ አንዱን ድምፅ ይዛ የማትለቀው። ከዚያ የሰዎቹ ድምፅ ከበስተኋላዋ መጣ። ግቢው ውስጥ ያለችው ሴት ሁሉ እጇ ወደ ደረቷ ሄደ። የነፍስ አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው ጨረሱትና፣ እንደ አራራይ ያደርገዋል፣ ሆድ ያባባል አሉ። ቃሉ ምን ይላል ተብሎ ዲጄው ተጠየቀ። ቃሉን እንደማያውቅ፣ ፕሮግራሙ ግን ሙዱ ደስታ ነው እንደሚል በዚያች በማትሰማ ድምፁ ተናገረ።

«የማን ደስታ?» አሉ የእድሩ ዳኛ።

አንዱ ጎረምሳ ሳቁ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሲያለቅሱ የነበሩት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው መንፈቅፈቅ ጀመሩ፤ እኔንም ሳቅ ያዘኝ፣ እንባዬ ያን ጊዜ ነው የወረደው። ጎረቤቴ እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዝኳት። እናቴ ግን አልሳቀችም።

«ሙሾው ውሸት ሆነ፤ ተመስገን» አለች። «ልጄስ?»

ሳቁ እንደ መብራት ጠፋ። እውነቷን ነው። ዘፈን ነው የተባለው ለቅሶው እንጂ፣ ወንድሜ ደህና ነው ያለን ማንም የለም። ትናንት የማናውቀውን ዛሬም አናውቅም ነበር፤ አሁን ደግሞ አንድ ጊዜ ሲሞት አይቼዋለሁ። ሰው ሞቶ አይቶ እንደገና ይሞታል ብሎ መጠበቅ ምን እንደሚመስል የቀመሰ ያውቀዋል። አንዱ ለቀስተኛ ጠዋት ከቡሬ ሲመጣ እዚያ ስልክ እንደሚሠራ ተናገረ። ነጠላዬን አንሥቼ ወጣሁ። ሙሽራዋም ቤቷ ቡሬ ነውና ተከተለችኝ። የእድሩ ዳኛ ሳይጠሩ መጥተው ሚኒባሱ ጋቢና ላይ ተቀመጡ። ለምን እንደመጡ ገብቶኛል፤ ክፉ ቢሰማ አጠገቤ ሰው እንዲኖር ነው።

መንገድ ላይ የማደርገው ባጣ የሙሽራዋን ግማሽ ራስ ያዝኩ። ከፍኖተ ሰላም እስከ ማንኩሳ አንድ መስመር፣ ከማንኩሳ ወዲያ ሌላ መስመር እያልኩ፣ ሚኒባሱ በነጠረ ቁጥር እየፈታሁ እንደገና ጎነጎንኩ። ተሳፋሪው ዞር ዞር እያለ ያየናል። ሙሽራዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ ዜማ ብገባ ሟርት ይሆንብኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ስንደውል እነግርሻለሁ አልኳት። የእሷ ሰርግም የእኔ ወንድምም በዚያች ሰዓት በአንድ ክር የተንጠለጠሉ መሰለኝ።

ቡሬ እነሙሽራ ደጃፍ ዳስ እየተጣለ ነበር። ስልኬ ገና ከመኪናው ሳልወርድ መንጫጫት ጀመረ፤ የቆየ መልእክት ሁሉ ገባ፣ ከአጎታችን ግን ምንም የለም። የእድሩ ዳኛ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ለእኔ ስጪኝ። ክፉም ሆነ ደግ እኔ ልስማው» አሉ።

አልሰጠኋቸውም። ሽማግሌ አስቀየምሽ ብትሉኝም አልሰጥም ነበር። እሳቸው ሰምተው ደህና ነው ቢሉኝ በምን አምናቸዋለሁ? ሞቶም ቢሆን እስኪነጋ ድረስ ደህና ነው ነው የሚሉኝ፤ ደንቡ ነዋ። ራሴ ደወልኩ። ጠራ። አጎታችን አነሡት።

«ደህና ነው» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በየቃሉ መካከል እየቆሙ። «አይዞሽ። ደህና ነው። ተኝቷል።»

ይህን አነጋገር አውቀዋለሁ። አባታችን የሞተ ጊዜ ከትምህርት ቤት ጠርተው፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ደህና ነው ያሉኝ በዚሁ ፍጥነት፣ በዚሁ ድምፅ ነበር። ቃሉ ሌላ ይላል፣ ዜማው ሌላ ይላል፤ እኔ ደግሞ ዜማውን አመንኩ። ድምፁን ያሰሙኝ አልኳቸው። ተኝቷል አሉ። ይቀስቅሱት አልኩ። ሐኪሞቹ አይቀስቀስ ብለዋል አሉ፣ አሁንም በዚያው በቀስታ። አለቀ አልኩ። ዳኛው ፊቴን አይተው ክንዴን ያዙኝ፤ በአንድ ቀን ሁለተኛ ጊዜ መያዜ ነው።

ያን ጊዜ ከአጎታችን ጀርባ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ፈጣን፣ ቀጭን፣ ነጭናጫ ድምፅ።

«ማን ነው? እሷ ናት? ያምጡት እንጂ ስልኩን!»

ከዚያ ወንድሜ ያለ ሰላምታ ክሱን ያዘንብብኝ ጀመር። ውሃ ከልክለውኛል፣ ከንፈሬ ተሰነጣጠቀ፣ ጎኔ የተኛው ሰውዬ ፊት ለፊቴ አጥሚት ይጠጣል፣ አጎታችን ደግሞ ሌሊቱን አላንቀላፋም ብለው አሁን ቆመው እያንቀላፉ ነው አለ። ቀስ ያሉትስ ለዚህ ኖሯል፤ እንቅልፍ አጥተው፣ ነርሶቹን ፈርተው። እኔ ስቅስቅ ስል ሰማኝ።

«ምነው? ማን ሞተ?» አለኝ።

ያን ቀን ይህን ጥያቄ የጠየቀ ብቸኛው ሰው እሱ ነው። ማንም አልሞተም አልኩት፣ እንደገናም ማንም አልሞተም አልኩት፤ ዳስ የሚጥሉት ሰዎች እንጨታቸውን እንደያዙ ቆመው ያዩኛል። ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ሲነሣ አየሩ ሁሉ አንድ ጊዜ ገባብኝ፤ እንዲህ ያለ እፎይታ ከዚያ በፊት አላውቅም። የእድሩ ዳኛ ቆባቸውን አውልቀው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አቅጣጫ እጅ ነሡ። ለሙሽራዋም፣ በዜማው ግቢበት አልኳት። እሑድ ገባችበትም። ከእኔ ሰፈር የተጠሩት እንግዶች ዜማው ሲጀምር እርስ በርስ ተያይተው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ከሩቅ አይቼ ጉንጬን ነክሼ ነው ያለፍኩት።

በዚያ ዓርብ ከቡሬ ልንመለስ ስንል ግን ዳኛው ቆም አሉ። እናትሽ አያምኑሽም አሉኝ። እኔ እሳቸውን ያላመንኩበት ምክንያት ለእናቴም ይሠራል፤ ደህና ነው ብላት፣ እስኪነጋ እያቆየችኝ ነው ትላለች። ፍኖተ ሰላም ስልክ የለ፣ እሷን እንዳላመጣት ጉልበቷ መንገድ አይችል። ድምፁን ይዘሽላት ሂጂ አሉኝ። ለወንድሜ እንደገና ደወልኩለትና፣ ስልኬን ከሙሽራዋ ስልክ አጠገብ አድርጌ በእሷ ስልክ ቀረጽኩት። ለእናታችን የሆነ ነገር ተናገር ስለው፣ ምን ልበል አለ። የመጣልህን በል አልኩት። የመጣለትን አለ። ሙሽራዋ ለዛሬ ይዘሽው ሂጂ ብላ ስልኳን ሰጠችኝ።

ድንኳኑ ተተክሎ ጠበቀን። አንድም ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ሐዘን ይሁን ደስታ ሳይለይ ጥለናት አንሄድም ብለው፣ ንፍሮ ሳይቀቀል፣ ለቅሶም ሳይለቀስ፣ ዝም ብለው እናቴን ከበው ተቀምጠዋል። ስገባ ሁሉም ፊቴን ሊያነቡ ተነሡ። እናቴ አልተነሣችም።

«ደህና ነው ልትይኝ ነው» አለች።

አጠገቧ ተንበርክኬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። የወንድሜ ድምፅ ተቻኩሎ መጣ። ጥቁሩን በሬ ማንም እንዳይጠምደው፣ ትከሻው ገና አልዳነም አለ። ጊደሯን ረግረጉ ላይ እንዳያስሩብኝ፣ እግሯ ይበሰብሳል አለ። እሜት ደግሞ ጾም ነው ብለው ራስዎን እንዳይጎዱ፣ እኔ እንደሆንኩ ምንም አልሆንኩ አለ። ስለ ራሱ የተናገረው ይህችን ብቻ ነው።

እናቴ ድገሚው አለችኝ። ደገምኩት። በሬው ላይ ሲደርስ ራሷን ነቀነቀች፣ የትከሻውን ቁስል ስለምታውቀው። እንደገና ድገሚው አለችኝ። ሦስተኛው ሳያልቅ ከውስጧ የወጣው ድምፅ የሰው አልመሰለኝም። ጠዋት የጮኹት ሁሉ ተደምረው እንደዚያ አልጮኹም። መቁጠሪያው ከእጇ ወደቀ። አንዷ ጎረቤት ደንግጣ፣ ልጁ ደህና ነው ተብሎ አይደል፣ ምን ያስለቅስዎታል እያለች ልታስቆማት ሞከረች።

«ጠዋትማ ባለቅስ ለእናንተ ነበር» አለች እናቴ። «ይህ የራሴ ነው።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። የነፍስ አባታችን ተዉአት ብለው ለሰዉ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፣ እኔም እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። እስኪበቃት አለቀሰች።